የፖሊመር ናኖ ክሮችን በፕላዝማ ማከም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ከተማሪዎችና ላብ ውስጥ ከሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

ፕላዝማ ስንል ምን ማለታችን ነው? ከደም ፕላዝማ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። እዚህ የምናወራው ስለ ጋዝ ነው። አንድ ጋዝ በቂ የኤሌክትሪክ ጉልበት ሲያገኝ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቹ ይላቀቃሉ። ያኔ ጋዙ የኤሌክትሮኖች፣ የአዮኖች፣ የተሰባበሩ ሞለኪውሎችና የብርሃን ቅልቅል ይሆናል። ፕላዝማ የምንለው ይህንን ነው። ስሙን ለጋዝ ያዋለው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኢርቪንግ ላንግሙር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1928 ነበር። መብረቅ ፕላዝማ ነው። የቢሮ ጣሪያ ላይ በሚበራው ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥም ፕላዝማ አለ።

ናኖ ክርስ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?

ከአንድ ማይክሮሜትር የቀጠነ ክር ነው። ለሕክምና የሚሠሩት አብዛኞቹ ውፍረታቸው ከ100 እስከ 1000 ናኖሜትር ይደርሳል። የሰው ፀጉር ደግሞ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው። የ500 ናኖሜትር ክሮችን ጎን ለጎን ብንደረድር የአንዲት ፀጉር ስፋት ቢያንስ መቶ ይይዛል።

በብዛት የሚሠራው ኤሌክትሮስፒኒንግ በሚባለው ዘዴ ነው። ፖሊመሩ፣ ማለትም ከረጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራው ቁስ፣ በሟሟ ይሟሟና በሲሪንጅ ቀስ ተብሎ ይገፋል። መርፌው ላይ ከ10 እስከ 30 ኪሎ ቮልት ይለቀቃል። መርፌው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ጠብታ ይሾልና ከጫፉ ቀጭን ጅረት ይወጣል። ጅረቱ አየር ላይ እየተወናጨፈ ይቀጥናል፣ ሟሟው ይተናል፣ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ ብረት ላይ ደረቅ ክር ሆኖ ይነጠፋል። ሲጨርስ የምታገኙት ስስ፣ ነጭ፣ ወረቀት የመሰለ ጨርቅ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አንቶን ፎርምሃልስ የፈጠራ መብቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ጠብታው ለምን እንደሚሾል ጄፍሪ ቴይለር በ1964 በሒሳብ አሳየ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በቼክ ሪፐብሊክ የሊበሬትስ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኦልድርዢክ ዪርሳክ ቡድን መርፌውን አስቀርቶ በሚሽከረከር ሲሊንደር የሚሠራ ዘዴ አመጣ። በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ቀላል የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለሕክምና ለምን ተፈለገ?

ሰውነታችን ውስጥ ሴሎች ተንሳፍፈው አይኖሩም። ዙሪያቸውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ክሮች መረብ ይዟቸዋል፤ የእነዚህ ክሮች ውፍረትም በአስርና በመቶ ናኖሜትሮች የሚለካ ነው። በኤሌክትሮስፒኒንግ የተሠራ ጨርቅ ይህን መረብ በቅርጽ ይመስላል። አየርና ፈሳሽ ያሳልፋል፣ ገጹ ሰፊ ነው፣ ሴል የሚቆናጠጠው ነገር አለው። ስለዚህ ለቁስል መሸፈኛ፣ ለደም ሥር ምትክ፣ ለተቆረጠ ነርቭ መምሪያ፣ ለአጥንትና ለቆዳ ማደሻ ይሞከራል።

ታዲያ ጨርቁን እንዳለ መጠቀም አይቻልም? ፕላዝማው ለምን አስፈለገ?

ችግሩ ያለው ገጹ ላይ ነው። ፖሊካፕሮላክቶንን እንውሰድ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ሁሉም ሰው እጁ ላይ የሚያገኘው ፖሊመር ነው። ለመፍተል ይመቻል፣ ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፣ ብዙም አይመርዝም። ግን ውሃ አይወድም። ጨርቁ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ብታሳርፉ በኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ዘንበል ስታደርጉት አንዳንዴ ተንከባልሎ ይወርዳል።

ሴል የያዘ ፈሳሽ ስታፈሱበትም ነገሩ ያው ነው። ፈሳሹ ወደ ጨርቁ አይገባም፣ ክሮቹ መካከል አየር ታፍኖ ይቀራል፣ ሴሎቹም የሚጨብጡት ያጣሉ። የክሩ ቅርጽ ኮላጅን ቢመስልም ኬሚስትሪው ፕላስቲክ ነው። ፕላዝማ የሚያስተካክለው ይህንን ነው፤ የክሩን ሆድ ሳይነካ ቆዳውን ይቀይራል።

ክሩ ላይ በትክክል ምን ይፈጠራል?

ፕላዝማው ውስጥ ያሉት ቅንጣቶችና የአልትራቫዮሌት ጨረር የፖሊመሩን ሰንሰለት ይመቱታል። ላዩ ላይ ያሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስሮች ይበጠሳሉ። የተበጠሰው ቦታ ሥራ ፈት ሆኖ አይቆይም፤ አጠገቡ ካገኘው ጋር ይያያዛል። ኦክስጅን ካለ ሃይድሮክሲል፣ ካርቦኒልና ካርቦክሲል የሚባሉ ኦክስጅን ያላቸው የአተም ቡድኖች ይፈጠራሉ። አሞኒያ ከሆነ ደግሞ አሚን የመሳሰሉ ናይትሮጅን ያላቸው ቡድኖች ይመጣሉ። እነዚህ ውሃና ፕሮቲን የሚስቡ ናቸው።

ለውጡ የሚደርሰው ጥቂት ናኖሜትሮች፣ ቢበዛ ወደ 10 ናኖሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ ነው።

ፖሊካፕሮላክቶን በ60 ዲግሪ ይቀልጣል። ፕላዝማው አያቀልጠውም?

በዚህ ሥራ የምንጠቀመው ቀዝቃዛ ፕላዝማ ነው። ኤሌክትሮኖቹ እጅግ የጋሉ ናቸው፤ ጉልበታቸው ወደ ሙቀት ቢተረጎም በአስር ሺዎች ዲግሪ ይደርሳል። ግን ቀላል ስለሆኑ ለከባዶቹ የጋዝ ቅንጣቶች ሙቀታቸውን ብዙም አያካፍሉም። ጋዙ ከክፍል ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ይቆያል። የፍሎረሰንት አምፖል መስታወቱን ሳያቀልጥ የሚበራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን ማቅለጥ አይቻልም ማለት አይደለም። ኃይሉን ከፍ አድርጋችሁ ብዙ ደቂቃ ከተዋችሁት ይሞቃል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዩት ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ክሮቹ በተላለፉበት ቦታ ላይ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ቀጥሎ ጨርቁ ይሰበሰባል። ኃይሉን መቀነስ ወይም ጊዜውን ቆራርጦ መካከል ላይ ማሳረፍ ይረዳል።

የትኛው ጋዝ ይሻላል?

ሴል እንዲጣበቅ ብቻ ከሆነ የተፈለገው በኦክስጅን፣ በአየር ወይም በአርጎን መጀመር በቂ ነው። አርጎን ራሱ ገጹ ላይ ኬሚካል አይተክልም። ትስስር ይበጥስና ጨርቁ አየር ሲነካው ኦክስጅን ከአየሩ ይገባል። ኦክስጅን ፈጣን ነው፣ ግን ይበላል፤ ገጹን እየላጠ ክሩን ያቀጥናል። ናይትሮጅንና አሞኒያ የሚመረጡት አሚን ሲፈለግ ነው፣ በተለይ በኋላ ላይ ሌላ ሞለኪውል ለማሰር ለታሰበ።

አንድ ላብ ውስጥ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። የብርሃኑን ቀለም ተመልከቱ። ንጹህ ኦክስጅን ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ ብርሃን ይሰጣል። ወደ ሮዝና ሐምራዊ ካደላ የማሽኑ ክፍል ውስጥ ናይትሮጅን አለ፣ ማለትም የሆነ ቦታ አየር እያስገባ ነው። የበሩን ጎማ ሳትፈትሹ በዚያ ቀን ውጤት ላይ አትመኑ።

ስንት ዋት? ስንት ደቂቃ?

ብዙ ሰው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው፣ ግን አንድ ቁጥር የለም። በዝቅተኛ ግፊት የሚሠሩ ትንንሽ ማሽኖች ላይ በአስር ዋቶች የሚቆጠር ኃይልና ከጥቂት ሰኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ የሚደርስ ጊዜ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ በ13.56 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ለኢንዱስትሪ የተፈቀደ ድግግሞሽ ስለሆነ። ግን በአንድ ማሽን ላይ 50 ዋት በሌላው ላይ 50 ዋት አይደለም። የክፍሉ ስፋት፣ ጨርቁ ከኤሌክትሮዱ ያለው ርቀት፣ የጋዙ ፍሰት ሁሉም ይለውጡታል። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተገለበጠ ቁጥር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

እኔ የምመክረው በአጭር ጊዜ መጀመር ነው። 10 ሰኮንድ፣ 30 ሰኮንድ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ አድርጉና ውጤቱን ለኩ። ብዙውን ጊዜ ለውጡ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይመጣና ከዚያ ይቆማል። ከቆመበት በላይ መሄድ ክሩን ከማጎሳቆል ሌላ ጥቅም የለውም።

ጨርቁን ከማስገባቴ በፊት ምን ላድርግ?

ማድረቅ። እንደ ክሎሮፎርም ወይም ዲኤምኤፍ (ዲሜቲልፎርማማይድ) ያለ ሟሟ የቀረበት ጨርቅ ቫኪውም ውስጥ፣ ማለትም አየሩ በተሳበ ክፍል ውስጥ፣ ሟሟውን ይተፋል፣ ፕላዝማውንም ያበላሻል። ያው ሟሟ ለሴልም መርዝ ነው። ጨርቁን በሁለት ቀለበት መካከል አጥብቃችሁ ወይም ብርጭቆ ላይ ጠርዙን ይዛችሁ አስቀምጡ፤ አየር ሲመለስ ጨርቁን ያበርረዋል። አየሩንም ቀስ ብላችሁ መልሱ። እጃችሁ ላይ ጓንት ይኑር፤ አንድ የጣት አሻራ ገጹ ላይ ከፈጠራችሁት ለውጥ የወፈረ ቅባት ነው።

ውስጥ ያሉት ክሮችስ ይታከማሉ ወይስ የላዩ ብቻ?

እንደ ግፊቱ ነው። በዝቅተኛ ግፊት ቅንጣቶቹ ሳይጋጩ ረጅም መንገድ ስለሚሄዱ በክሮቹ መካከል ዘልቀው ይገባሉ። በተራ የአየር ግፊት ግን ወዲያው ይጋጩና ጉልበታቸውን ያጣሉ፣ ስለዚህ የላይኞቹ ክሮች ብዙ፣ የታችኞቹ ጥቂት ይደርሳቸዋል። ጨርቁን ገልብጦ ሁለተኛውን ፊት ማከም የተለመደ ነው። ወፍራም ጨርቅ ከሆነ መካከሉን ቆርጦ ማየት ያስፈልጋል። የላዩን ብቻ ለክቶ «ታክሟል» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ሴሎቹ እንዲዘልቁ የተፈለገው መካከሉ ድረስ ነውና።

የቫኪውም ማሽን ከሌለኝስ?

በተራ የአየር ግፊት የሚሠራ ፕላዝማ አለ። የተለመደው ሁለት ኤሌክትሮዶችን ጥቂት ሚሊሜትር አራርቆ ቢያንስ አንዱን በብርጭቆ ወይም በሴራሚክ መሸፈን ነው። ሽፋኑ ፍንጣሪው ወደ አንድ ትኩስ ቅስት እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። በኪሎ ቮልት የሚቆጠር ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ክፍተቱ ውስጥ ሐምራዊ ጭረቶች ይታያሉ። ርካሽ ነው፤ ግን ኦዞን ያመነጫል፣ ቮልቴጁም ሰው ይገድላል። አየር ማስወጫና ልምድ ያለው ሰው ከሌለ አትሞክሩት።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታው በአነስተኛ ቮልቴጅ ይነሳል። ጽሑፎች ላይ የሚገኙት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ላይ ካሉ ላቦች የመጡ ናቸውና እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የክረምቱ እርጥበትም የአየር ፕላዝማውን ኬሚስትሪ ይለውጣል፣ መፍተሉንም ያስቸግራል። በእያንዳንዱ ቀን የክፍሉን እርጥበትና ሙቀት መዝግቡ።

ጠብታው ወዲያው ሰመጠ። ተሳካ ማለት ነው?

የሆነ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ምን እንደተለወጠ ግን አልነገራችሁም። ለስላሳ የፖሊካፕሮላክቶን ፊልም ላይ የውሃ ጠብታ የንክኪ ማዕዘን፣ ማለትም የጠብታው ጠርዝ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ 80 ዲግሪ ገደማ ነው። ያው ፖሊመር ናኖ ክር ሆኖ ሲነጠፍ ማዕዘኑ ከ120 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ኬሚስትሪው አልተቀየረም፤ ጠብታው ግማሹን በክር፣ ግማሹን በአየር ላይ ስለተቀመጠ ነው። በተቃራኒውም እንዲሁ። ትንሽ የኬሚስትሪ ለውጥ ብቻ ውሃው ክሮቹ መካከል እንዲሰርግ ያደርገውና ማዕዘኑ በአንዴ ዜሮ ይሆናል። 30 ሰኮንድ የታከመውም፣ አምስት ደቂቃ የታከመውም እኩል ይሰምጣል። ስለዚህ ጠብታ ጥሩውን ሕክምና ከተጋነነው አይለይም።

ትክክለኛው መለኪያ ኤክስፒኤስ (ገጹ በኤክስ ሬይ ሲመታ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች የሚለካ ዘዴ) ነው፤ የላይኞቹን 10 ናኖሜትሮች ገደማ ያነባል። ንጹህ ፖሊካፕሮላክቶን ላይ፣ ሃይድሮጅንን ሳይቆጥር፣ 75 በመቶ ካርቦንና 25 በመቶ ኦክስጅን መታየት አለበት። ከታከመ በኋላ ኦክስጅኑ ምን ያህል ጨመረ ብሎ መጠየቅ ነው። ተራው የኢንፍራሬድ መለኪያ ግን አንድ ማይክሮሜትር አካባቢ ድረስ ስለሚያይ ቀጭኑን ለውጥ ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። «ኢንፍራሬድ ላይ ምንም አላየሁም፣ ስለዚህ አልሠራም» የሚል ድምዳሜ ላይ አትድረሱ።

ከሳምንት በኋላ ጨርቁ መልሶ ውሃ ገፋ። ምን ሆነ?

አረጀ። የፖሊካፕሮላክቶን ሰንሰለቶች ደርቀው መንቀሳቀስ የሚያቆሙት ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በክፍል ሙቀት ይንቀሳቀሳሉ። አየር ውስጥ ሲቀመጥ ውሃ ወዳዶቹ ቡድኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ውሃ ጠሎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከአካባቢው የሚመጣ ቆሻሻም ገጹ ላይ ያርፋል። በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ያዘገየዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዚያው ቀን መጠቀም ነው።

ለወራት የሚቀመጥ ዕቃ ከተፈለገ ቡድኖቹን ማሰር ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ፕላዝማ የፈጠረው ካርቦክሲል ላይ ጄላቲን ወይም ኮላጅን በኬሚካል ማያያዝ ነው። ሌላው እንደ አክሪሊክ አሲድ ያለ ተን ፕላዝማው ውስጥ አስገብቶ ክሮቹ ላይ ስስ ሽፋን እንዲበቅል ማድረግ ነው።

በፕላዝማ ካከምኩት ስቴራይል (ከጀርም ነጻ) ሆኗል?

አልሆነም። እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም። ፕላዝማ ብዙ ጀርም ይገድላል፣ ግን «ብዙ» ለሕክምና ዕቃ አይበቃም። የሚጠየቀው ከሚሊዮን ዕቃ በአንዱ ላይ ብቻ ሕያው ጀርም የመቅረት ዕድል ነው፤ ለዚያ ደግሞ የተረጋገጠ ሂደት ያስፈልጋል። ሆስፒታሎች ውስጥ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋዝና በፕላዝማ የሚሠሩ ማምከኛዎች አሉ፤ እነሱ ራሳቸውን የቻሉ፣ የተፈተኑ ማሽኖች ናቸው።

በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ፖሊካፕሮላክቶንን ያቀልጠዋል። ኤትሊን ኦክሳይድ ወይም ጋማ ጨረር ይቀራል፤ ለላብ ሙከራ 70 በመቶ አልኮልም ይጠቀማሉ። ችግሩ እነዚህም የደከማችሁበትን ገጽ ይለውጡታል። ስለዚህ መለኪያዎቻችሁን ከማምከን በኋላ ድገሙ፤ ሴሉ የሚያገኘው ያንን ገጽ ነው።

እስካሁን ሰው ላይ የዋለ ነገር አለ?

ፕላዝማ ራሱ አዲስ እንግዳ አይደለም። በየላቡ ሴል የሚያድግባቸው የፖሊስታይሪን ሳህኖች ገጻቸው በፕላዝማ ወይም በኮሮና ፍንጣሪ የታከመ ነው፤ ያለዚያ ብዙ ሴል አይጣበቅባቸውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የሲሊኮን ሃይድሮጄል የዓይን ሌንሶችም እንባ እንዲያረጥባቸው ገጻቸው በፕላዝማ ይታከም ነበር። በፕላዝማ የታከሙ ናኖ ክሮች ግን በአብዛኛው አሁንም በሴል ሳህንና በእንስሳት ሙከራ ደረጃ ላይ ናቸው። ይህን ለታካሚ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው።

ገጹን ብቻ ከነካ የክሩ ጥንካሬ ለምን ይቀንሳል?

ምክንያቱም ናኖ ክር ከሞላ ጎደል ገጽ ነው። እናስላው። 10 ናኖሜትር ጥልቀት ተለወጠ እንበል። 300 ናኖሜትር ውፍረት ባለው ክር ላይ ይህ የክሩ 13 በመቶ ገደማ ነው። ክሩ 100 ናኖሜትር ከሆነ 36 በመቶ ይደርሳል። በወፍራም ፊልም ላይ ምንም የማይመስለው ጥልቀት እዚህ ሲሶውን ይነካል። መብላቱን ስትጨምሩበት ደግሞ ይብሳል። ክራችሁ በቀጠነ ቁጥር ጊዜውን አሳጥሩ፣ የመሳብ ጥንካሬውንም ከታከመ በኋላ ለኩ። ለደም ሥር ምትክ ከሆነ ይህ የሚታለፍ ፈተና አይደለም።

ውሃ ይበልጥ በወደደ ቁጥር ሴል ይበልጥ ይወደዋል?

አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሴል ፕላስቲኩን በቀጥታ አይጨብጥም። መጀመሪያ ከፈሳሹ ውስጥ እንደ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን ያሉ ፕሮቲኖች ገጹ ላይ ያርፋሉ። ሴሉ ኢንቴግሪን በሚባሉ መያዣዎቹ የሚይዘው እነሱን ነው። ውሃ በጣም በሚጠላ ገጽ ላይ ፕሮቲኑ ጠፍጥፎ ቅርጹን ያጣል፣ ሴሉም አያውቀውም። ውሃ እጅግ በሚወድ ገጽ ላይ ደግሞ የውሃው ንብርብር ፕሮቲኑን አላስጠጋ ይላል፤ ቢያርፍም ልል ነው። በለስላሳ ገጽ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሴል በደንብ የሚይዘው መካከለኛው ላይ፣ የንክኪ ማዕዘኑ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው።

በመጀመሪያው ቀን የታከመው ላይ ብዙ ሴል ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ካልታከመው ጋር እኩል ሆነ። ሙከራዬ ከሸፈ?

የግድ አይደለም። ሴሎች ሥራ ፈት አይደሉም። ያልታከመው ላይ ጥቂት ሴል እንኳ ከተያዘ የራሱን ፋይብሮኔክቲንና ኮላጅን እያወጣ ክሩን ይሸፍናል። ከቀናት በኋላ ሁለቱም ጨርቅ ላይ ያሉ ሴሎች የሚኖሩት ራሳቸው ባነጠፉት ላይ ነው። በዚያ ላይ ሳህኑ ከሞላ ማደግ ያቆማሉ፤ ዘግይቶ የጀመረው ይደርስበታል። ፕላዝማ የሚሰጠው የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶች ነው። ለቁስልና ለደም ሥር እነዚያ ሰዓቶች ትልቅ ዋጋ አላቸው፤ ባዶ ሆኖ የዘገየ ገጽ ላይ ባክቴሪያ ወይም የደም መርጋት ይቀድማልና።

ስለዚህ ቆጠራውን በሁለተኛው፣ በስድስተኛውና በሃያ አራተኛው ሰዓት አድርጉ። የሴሉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቅርጹን እዩ፤ ድቡልቡል ሆኖ ቆሟል ወይስ ተዘርግቷል? ጨርቁን ከጎን ቆርጣችሁ ምን ያህል እንደዘለቀ ለኩ። ማነጻጸሪያው ላይ ደግሞ አንድ ጨምሩ፦ ፕላዝማ ያልነካው ግን በአልኮል ርሶ በደንብ የታጠበ ጨርቅ። አልኮሉ የታፈነውን አየር ስለሚያስወጣ ሴሉ የወደደው ኬሚስትሪውን ነው ወይስ ውሃ መግባቱን ብቻ የሚለውን ይለያል። ሁለቱ እኩል ከወጡ የፕላዝማ ማሽኑ ሳያስፈልጋችሁ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህም በራሱ ሊታተም የሚገባው ውጤት ነው።